የነስሪን ስፖንጅና የእኔ ኑግ

የ2007 ዓ.ም. በጋ ሲነሣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አቧራው ነው። ከጥር ወዲህ አንዲት ጠብታ አልጣለም። ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ነፋሱ ሲመጣ የሰፈራችን መንገድ ራሱ ብድግ ብሎ የሚሄድ ይመስል ነበር። ያጠብሁት ነጠላ ከገመዱ ሳይወርድ መልሶ ይቆሽሻል፤ ምራቄን ስውጥ አሸዋው ጥርሴ መሃል ይንቀጫቀጫል። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ሆዴም ባዶ፣ ጉሮሮዬም ደረቅ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ብዙ በጋ አሳልፌአለሁ፤ ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ፣ በሻሽ፣ ባገኘው ጨርቅ ሸፍኖ ሲሄድ ያየሁት ግን ያን ዓመት ብቻ ነው። ሰላምታችን እንኳ በሳል ነበር። አንዱ "እህ! እህ!" ይላል፣ ሌላው ከማዶ ይመልስለታል።

ነስሪንን ሳስብ ያ አቧራ አብሮ ይመጣብኛል።

ነስሪን የምትኖረው ከግቢዬ በር በስተግራ ባለችው አንዲት ክፍል ነበር። ከዐረብ አገር የተመለሰችው የዚያን ዓመት መስከረም ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። ቀጭን ናት፤ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። ከኋላዬ መጥታ "እማማ ወርቅዬ" ስትለኝ ስንቴ አስደንግጣኛለች። አባትና እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አጎቷ ሐጅ ዩኑስ ናቸው፤ ገበያው ዳር ስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጡት። ሐጅ ዩኑስ ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ማየት ያማቸዋል።

"ልጄ፣" አሏት አንድ ቀን በሯ ላይ ቆመው፣ እኔም እየሰማሁ፣ "እጅሽ ሥራ ከያዘ እሰየው። ካልያዘ ግን ረመዳን ሳይገባ ወደ ዐረብ አገር ትመለሻለሽ። እዚህ ቁጭ ብለሽ የሰው መጠቋቆሚያ አትሆኝም።"

ፓስፖርቷ ያለው እሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው። ረመዳን ደግሞ የሚገባው ሰኔ ላይ ነበር።

"እሽ አጎቴ" አለች። ሲሄዱ ግን መርፌ ልትሰካ ሞከረች፣ ክሩ አልገባላትም። ሦስቴ ሞከረች። ተቀብያት እኔ ሰካሁላት፣ በዚህ በደከመ ዓይኔ።

የእናቷ የእግር ስፌት መኪና ነበራት። ሐሳቧ የፍራሽ ልብስ እየሰፉ መኖር ነበር፤ ነገር ግን የተሰፋው ከባሕር ዳር በጥቅል ይመጣ ጀመር። መኪናዋን ትወለውላለች፣ ጎማውን ታዞረዋለች፣ ትቀመጣለች። ስለ ዐረብ አገር ጠይቄአት ስለ ሙቀቱ ብቻ ነገረችኝ።

ከበራችን ፊት ለፊት የፋንታው ጋራዥ አለ። ጋራዥ ይባል እንጂ አራት ቋሚና አንድ ቆርቆሮ ነው። ፋንታው መካኒክ ነው፤ ምላሱ ከመፍቻው ይፈጥናል። መጋቢት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት፣ አለምነው ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። አለምነው የወረዳው ላም አዳቃይ ነው። የተመረጠ የኮርማ ዘር በሚጨስ ቀዝቃዛ ዕቃ ይዞ፣ ላሟ ኮርማ ፈለገች ሲባል እየጋለበ ሄዶ የሚያስጠቃ እሱ ነው። ላም ደግሞ አትጠብቅም። ጠዋት ከታየባት ከሰዓት ነው፤ ካለፈ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩት "ኮርማው መጣ!" እያሉ ይሮጣሉ። እሱም ለምዶት እጁን ያወዛውዝላቸዋል።

ሞተሩ ድሮ አንድ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደ ነው። ከአቧራው ሥር ቀይ ነው ይላሉ።

"ሞቷል በለኝና ልረፍ፣ ፋንታው።"

"አልሞተም፣ ታፍኖ ነው።" ፋንታው ከመቀመጫው ሥር ያለውን የአየር ማጣሪያ ቤት ከፈተው። "አንተ ሰው! ካልሲ ነው የከተትህበት?"

"የድሮው ስፖንጅ ፈራርሶ አለቀ፣ ምን ላድርግ? ንጹሕ ካልሲ ነው።"

"ንጹሕነቱንስ አፍንጫዬ መስክሯል።"

የደንቡ ማጣሪያ ባሕር ዳር ተጠይቆ ጠፍቷል፤ አዲስ አበባም የዚህ ዓይነት ሞተር መቅረቱን ነው የነገሩት። ያለ ማጣሪያ ከተነዳ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል፤ ያኔ ሞተሩ መጋዘን ይገባል፣ አለምነውም በእግሩ ይሆናል። በእግር ደግሞ የትኛዋ ላም ጋ ይደረሳል?

ነስሪን መንገዱን ተሻግራ መጥታ ኖሯል። አላየናትም።

"እስቲ ልየው።"

"ነስሪን፣ ይኼ ትራስ አይደለም እኮ" አላት ፋንታው።

"የሚተነፍስበት አይደል?" የፈራረሰውን ስፖንጅ ቁራጭ አንሥታ ወደ ፀሐይ አቀናችው። "አውቀዋለሁ።"

እንዴት እንደምታውቀው ለእኔ የነገረችኝ ያን ቀን ከሰዓት፣ ምስር እየለቀምን ነው። ትሠራበት የነበረው ቤት መስኮቱ አይከፈትም፤ በሩም ከውጭ ይቆለፋል። ግድግዳው ላይ ያለችውን የአየር ማቀዝቀዣ ግን በየሳምንቱ ከፍታ ማጣሪያዋን ማውጣት፣ አሸዋውን ማጠብ፣ አድርቃ መመለስ የእሷ ሥራ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል። "እማማ፣ በዚያ ቤት በእጄ የሚከፈት ነገር እሷ ብቻ ነበረች" አለችኝ። "ሳጥባት ቶሎ አልጨርስም።" ከዚያ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ረመዳንን ለምን እንደምትፈራው ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ ከአጎቷ ሱቅ የፍራሽ ቁርጥራጭ በከረጢት አምጥታ በሯ ላይ ዘረገፈችው። አሠራሯን ያየ ሰው አብዳለች ይል ነበር። እያንዳንዱን ቁራጭ አፏ ላይ ትለጥፍና አየር ትስባለች። ሳበች፣ ጣለች። ሳበች፣ ጣለች።

"ይኼ ያፍናል። ይኼም ያፍናል። እማማ ወርቅዬ፣ እስቲ እርስዎም ይተንፍሱበት።"

"እኔ ሞተር ነኝ?"

"ሳልዎማ የሞተር ነው።"

ስቄ ተነፈስሁበት። ፋንታውም ተነፈሰ፣ መንገደኛውም ተነፈሰ። ጥሩ የተባለው ወፍራም ፍራሽ ሁሉ አፈነን። በመጨረሻ ያለፈው ሐጅ ዩኑስ አፍረውበት ከሱቁ ጀርባ የሚያስቀምጡት የርካሹ ፍራሽ ስፖንጅ ሆነ፤ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፣ ውኃም ሲፈስበት ሳይቆም ያልፋል። ከማጣሪያው ቤት ውስጥ ያለውን የሽቦ ወንፊት በካርቶን ለክታ፣ በምላጭ ቆረጠችው። ፋንታው ጫፍና ጫፉን በማስቲሽ አጣበቀላት። ማስቲሹ ቤንዚን ሲሸተው ቀለጠና በሁለተኛው ቀን ተላቀቀ። ፋንታው ጭንቅላቱን አከከ። ነስሪን የፍራሽ ክር አጥፋ በእጇ ሰፋችው፣ እንደ ኮት እጅጌ አድርጋ ወንፊቱን አለበሰችው።

የቀረው ዘይት ነበር። ስፖንጁ ደረቁን ከሆነ ደቃቁ አቧራ ያልፋል፤ በዘይት ከራሰና ከተጨመቀ ግን ይይዘዋል። ፋንታው "የሞተር ዘይት አስነክተሽ ጥሩ አድርገሽ ጭመቂው" ብሎ ጣሳ ሰጣት። ጣሳው ውስጥ ያለው ከሞተር የተቀዳ አሮጌ ዘይት ነው፣ ጥቁር፣ የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት። ነስሪን አየችው፣ ሸተተችው።

"በዚህ ነው የሚተነፍሰው?"

አሁን የምጽፈውን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። እንዲህ ያልኋት እኔ ነኝ፦ "ለሁዳዴ ያስጨመቅሁት ኑግ አለኝ፣ ጥርት ያለ ነው። የደረቀ ቆዳ የምናለሰልሰው በኑግ አይደል? ስልቻውንም፣ የምንተኛበትን ጀንዲም፣ እግራችንንም። ለስፖንጅ ምን ያንሰዋል?"

አመነታች። "ፋንታው የሞተር ነው ያለው።"

"ፋንታው ማስቲሽም ብሎ ነበር።"

አንድ ሲኒ ኑግ አመጣሁላት። ነከረችው፣ ጨመቀችው። የእጇ ሽታ ደስ አለኝ።

ሞተሩ በአንድ ርግጫ ተነሣ። አለምነው እስከ ጋፋት ሄዶ ተመለሰና ሳይወርድ "ነፍስ ዘራ!" አለ። ያለፈበት ሁሉ ይናገርላት ጀመር። አንድ አስተማሪና አንድ የቡና ነጋዴ የየራሳቸውን ሞተር ይዘው መጡ፤ ነስሪን ወንፊታቸውን ለክታ ተቀበለች። ሐጅ ዩኑስ መጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ስትሰፋ አዩ። "ይኼ የእኔ ርካሹ ፍራሽ ነው?" አሉ። "አዎ አጎቴ።" "እህ" ብለው ሄዱ። የእሳቸው እህታ ከሌላ ሰው ምርቃት ይበልጣል። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነን ቆየን።

በዐሥረኛው ቀን፣ መጋቢት ዐሥራ አንድ፣ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከገሳይ ከተማ በላይ ካለው ቀበሌ አበበች የምትባል ባል የሞተባት ሴት አስደወለች። ላሟ ከጠዋት ጀምራ ታገሳለች፣ ኮርማ ፈልጋለች። ያለቻት ላም ያቺው ብቻ ናት። አለምነው በቀትር ተነሣ። ገሳይን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ቢረግጠው፣ ቢለምነው አልነሣ አለ። ገፍቶ፣ አቁሞ፣ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ አበበች ደጅ ሲደርስ መሽቶ ነበር። ላሟም ጸጥ ብላለች።

በማግሥቱ ሞተሩን በአይሱዙ ጭኖ አመጣው። ፋንታው የማጣሪያውን ቤት ከፈተ፤ ሰውም ተሰበሰበ። ስፖንጁ ሌላ ነገር ሆኗል። ኑጉ በሙቀቱ ደርቆ፣ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ፣ እንደ ሙጫ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል። ሽታው ግን የኑግ ነው።

"ሽሮ ሠርታችሁበት ነው?" አለ ፋንታው። ሰው ሳቀ። "አለምነው፣ ሞተርህን አስጹመውልሃል!"

አስተማሪው ሳይናገር ወንፊቱን ከነስሪን በር ላይ አንሥቶ ሄደ። የቡና ነጋዴውም ተከተለው። ከኋላ አንዱ "ፍራሽ ሰፊ ሞተር ምን አገባት?" አለ። ሐጅ ዩኑስ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ሰሙ።

"ኑግ የቀባሁት እኔ ነኝ" አለች ነስሪን። "ፋንታው የሞተር ዘይት ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። ነስሪን ወደ እኔ ዘወር እንኳ አላለችም፤ ያላየችኝ ይመስል። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁት፣ አቧራ እንደ መጣ ሁሉ። ሐጅ ዩኑስ "ሰኔን አትርሺ" ብለዋት ሄዱ።

በማግሥቱ ከረጢት፣ ክር፣ መርፌ፣ ምላጭና አንድ ጠርሙስ አዲስ የሞተር ዘይት ይዛ ስትወጣ አገኘኋት።

"ወዴት ነው?"

"ገሳይ። ግቢ ውስጥማ ሁሉም ይሠራል፣ እማማ። የሚታፈነው እዚያ ዳገቱ ላይ ነው፤ እዚያ ሆኜ ነው ማየት ያለብኝ።"

"ማን ጋ ልታድሪ?"

"የላሟን ቀን ያሳለፍሁባት ሴት ጋ። ካባረረችኝ እመለሳለሁ።"

አበበች አላባረረቻትም። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ መጀመሪያ ልትሰድባት ተነሥታ ነበር፤ ልጅቱ ግን ሳትቀመጥ ላሟ የት እንዳለች ጠይቃ ሄዳ ግንባሯን ስትዳስሳት ስድቡን ትታ ውኃ አቀረበችላት። ሁዳዴ ስለሆነ የምግቡም ነገር አላስቸገረም፤ ሥጋ ከሌለበት መሶብ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆርሳል። ነስሪን ቀን ቀን ዳገቱ ሥር ትቀመጣለች፤ አለምነው ባለፈ ቁጥር አስቁማ ማጣሪያውን ታወጣለች፣ በቤንዚን ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ በሞተር ዘይት ነክራ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ትጨምቀዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሁለቱን ሰፍታ ጣለች። ሦስተኛውን ከሁለት ዓይነት ስፖንጅ ሠራችው፣ ውጭው ሰፊ ቀዳዳ፣ ውስጡ ጠበብ ያለ። እሱ ቆየ። ያም ሆኖ ፋንታው "የላሟ ዳገት ይፍረድ" ይል ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሃያ አንደኛውን ቀን ነው። ቆጥረነዋል። ስቅለት ላይ ዋለ።

ስቅለት ከጠዋት እስከ ሠርክ ስግደት ነው። ከተማውም ገጠሩም ጭር ይላል። አበበችም ለነስሪን ቤቱን ትታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ላሟ ረፋድ ላይ ማግሳት ጀመረች። ነስሪን ብቻዋን ናት። አለምነው ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ፋንታው ጋ ደወለች፤ ዝግ። የእኔም ዝግ። ደብረ ታቦር ላይ የምታውቀው ክርስቲያን ሁሉ ግንባሩ መሬት ላይ ነው። የቀራት አንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው "ሰኔን አትርሺ" ያላት ነው። ደወለችላቸው።

እኔ የምሰግደው ከቅጥሩ በር አጠገብ ነበር፤ ጉልበቴ ወደ ውስጥ መግባት አይችልልኝም። ቀና ስል ሐጅ ዩኑስ ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ ጁምዓ ስለሆነ ነጭ ለብሰዋል። ወደ ውስጥ አይገቡም፣ ጮኸውም አይጣሩም። ላብ በላብ ሆነዋል።

"እትዬ ወርቅዬ፣" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "እባክዎ ያንን ላም አዳቃይ ልጅ ይጥሩልኝ። ላሟ ፈልጋለች።"

"ዛሬ?"

"እኔ ነኝ ቀኑን የመረጥሁላት?"

እየተንፏቀቅሁ ሄጄ አለምነውን ከሰጋጆቹ መሃል ጎተትሁት። ግንባሩ አቧራ እንደሆነ ተነሣ። አጠገባችን የነበሩት አዛውንት ቄስ በቁጣ ዘወር አሉ፤ ነገሩን በጆሯቸው ስነግራቸው ግን "የመበለቲቱ ላም ናት? ሂድ፣ ሂድ፣ የቀረህን እኔ እሰግድልሃለሁ" አሉት። ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ከታች ሲነሣ ሰማነው፤ ሳይሳል፣ ጥርት ብሎ ወደ ገሳይ ወጣ።

ሐጅ ዩኑስ ድምፁ እስኪጠፋ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። እኔም ስቅለት ሆኖ፣ አፈር ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"ሐጅ፣ ኑጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ አመንትታ ነበር፤ እኔ ነኝ የገፋኋት።"

"እሷ የእኔ ነው ብላለች እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አሉ?"

"አፈርሁ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። "እኔም ያን ቀን በሰው ፊት ነው የተናገርኋት" አሉና ወደ ጁምዓቸው ሄዱ።

አለምነው ዳገቱን ሳይቆም ወጣ። በዘጠኝ ሰዓት ላሟን አስጠቃት። አበበች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሥራው አልቆ፣ ነስሪን ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ማጣሪያውን እያገላበጠች ነበር አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ነስሪን እዚያው ገሳይ ቀረች፤ የገሳይ ባለ ሞተሮችም ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ፤ አቧራው የሚበዛው በእነሱ መንገድ ነው። አስተማሪውም ወንፊቱን ይዞ ተመለሰ አሉ። ሰኔ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሐጅ ዩኑስ በሬን አንኳኩ። "ገሳይ ልሄድ ነው፤ ይመጣሉ?" አሉኝ። አውቶቡሱ ጣራ ላይ የስፌት መኪናዋንና ሦስት ጆንያ ሙሉ የርካሽ ፍራሽ ስፖንጅ አስጫኑ። ስንደርስ ፓስፖርቷን ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አኖሩት። "አንች ጋ ይቀመጥ" ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም። እሷም የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ከተተችው።

እኔ ደግሞ ያጠናሁትን ይቅርታ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"እማማ ወርቅዬ፣ ኑጉን ባይሰጡኝም ከገበያ ገዝቼ እቀባው ነበር።"

ውሸቷን ነው። እስከ ዛሬ ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጥቁር ዘይት ሸትታ፣ ተጸይፋም ቢሆን፣ እጇን ልትነክር ነበር፤ አይቻታለሁ።

የአበበች ላም ጥር ላይ ሴት ጥጃ ወለደች።

እኔ አሁን ከቤት ብዙ አልወጣም፤ መንገዱም ጉልበቴም እኩል ርቀውብኛል። ነስሪንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሚያመጣልኝ አለምነው ነው፤ ባለፈውም በዚያው ሲያልፍ በሯ ክፍት ነበር፣ የስፌት መኪናዋም ድምፅ ይሰማ ነበር ብሎኛል። ነስሪን ገሳይ ናት፤ ከመናኸሪያው ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት።